ከበሩ ውጭ የምትጠብቀው እናት

በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቤት ትሥላለች። ከውጭ፣ መተላለፊያው ላይ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ፣ እናቷ የልጇን ሹራብ ጭኗ ላይ አድርጋ እጅጌውን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ስሟን አስመዝግባለች፣ ቅጽ ሞልታለች፣ ፈርሚ በተባለችበት ሁሉ ፈርማለች። ሌሊቱን ተኝታ እንደሆነ የጠየቃት ግን የለም። ልጇ በእንቅልፍ ልቧ ስትጮህ ምን ማድረግ እንዳለባት የነገራትም የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ይከፈታል፤ እናት ሹራቡን ታለብሳታለች፤ «የሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ቀን» ይባላሉ፤ ተያይዘው ይሄዳሉ።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም። ወሲባዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሕፃናት የሚሰጠው ድጋፍ በብዙ ቦታ የሚይዘው መልክ ነው። ልጁ ይታከማል፤ ቤተሰቡ ያመላልሰዋል። እኔ ግን በዚህ አሠራር ትልቁ ሥራ ከበሩ ውጭ ቀርቷል እላለሁ። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ባለሙያዋ ከልጅቷ ጋር የምታሳልፈው አንዱን ነው። የቀሩትን 167 ሰዓታት ልጅቷ የምትኖረው ከእናቷ፣ ከአባቷ፣ ከአያቷ፣ ከወንድም እኅቶቿና ከመምህሮቿ ጋር ነው። ቁስሉ የሚጠግገውም የሚያመረቅዘውም በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ልጁ አፍ አውጥቶ ከሚናገርበት፣ ወይም ሊናገር ጀምሮ ከሚያቆምበት ጊዜ ነው። ብዙ አዋቂዎች ጥቃት የደረሰበት ልጅ እያለቀሰ ሮጦ መጥቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚዘረግፍ ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ አይሆንም። አጥፊው ብዙ ጊዜ ልጁ የሚያውቀው፣ የሚያምነው፣ አንዳንዴም የሚወደው ሰው ነው። «ብትናገሪ እናትሽ ትሞታለች»፣ «ብትናገር ማንም አያምንህም» እያለ፣ ወይም በስጦታና በቁልምጫ፣ የልጁን አፍ አስቀድሞ ዘግቶታል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮላንድ ሰሚት እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን አካሄድ በአምስት ነገሮች ገልጾታል፤ ምስጢር፣ አቅም ማጣት፣ ወጥመድ ውስጥ ገብቶ ከሁኔታው ጋር መላመድ፣ ዘግይቶና ለሰሚ በማያሳምን መንገድ መናገር፣ በመጨረሻም የተናገሩትን መልሶ መካድ። ጽሑፉ ጥቃት መድረሱንና አለመድረሱን ለመለየት የሚያገለግል መለኪያ አይደለም፤ በዚያ መንገድ የተጠቀሙበትም ስተዋል። የሚነግረን ነገር ግን እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ልጅ ዘግይቶ ስለተናገረ፣ ወይም ዛሬ ያለውን ነገ ስለካደ ብቻ ዋሽቷል ማለት አይቻልም።

ልጅ ጥቂት በጥቂት ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ፍንጭ ይጥላል፤ «ከእሱ ጋር ብቻዬን መቅረት አልፈልግም» ይላል። ከዚያ የአዋቂውን ፊት ያያል። ፊቱ ከተቆጣ፣ ወይም እንዳላመነ ካስታወቀ፣ የቀረውን መልሶ ይውጠዋል። «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ትልቅ ሰው ችሎ ስለሚይዘው ነገር ነው። ሕፃን ልጅ ላይ ሲሆን ግን ቃሉ ቃል በቃል እውነት ይሆናል፤ ምስጢሩ የሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ ሐኪም ምክንያቱን የማያገኝለት ማቅለሽለሽ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ከማንኛውም ባለሙያ በፊት ልጁን የሚያገኘው የነገረው ሰው ነው፤ እናት፣ አባት፣ አክስት ወይም መምህር። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው። «አምንሃለሁ። ጥፋቱ የአንተ አይደለም። ስለነገርኸኝ ደግ አደረግህ። ከአሁን በኋላ እንዳትጎዳ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ።» ከዚህ በላይ ንግግር አያስፈልግም። «ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?»፣ «ለምን አልጮህሽም?»፣ «እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» የሚሉት ጥያቄዎች ከድንጋጤ የሚመጡ እንጂ ከክፋት የሚመጡ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ልጅቷ የምትሰማው ግን አንድ ነገር ነው፤ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባትም ሌላ ስሕተት ነው። ልጁን ለመጠበቅ ለሚመለከተው አካል መናገር ግድ ይሆናልና ቃሉ መፍረሱ አይቀርም፤ አንዴ የተከዳ ልጅ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ክህደት ይደርስበታል። ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ደጋግሞ መጠየቅም አይገባም። መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ የልጁን ትዝታ ሊያዛባ፣ የሕግ ሂደቱንም ሊያበላሽ ስለሚችል ዝርዝሩን የመጠየቁ ሥራ ለሠለጠነ ሰው ይተው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ወሲባዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሕፃናትና ታዳጊዎች የሚሰጠውን ሕክምና የሚመለከት መመሪያ ሲያወጣ የመጀመሪያ ድጋፍ ብሎ ያስቀመጠውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በአክብሮት ማዳመጥ፣ ልጁን የሚያስጨንቀውንና የሚያስፈልገውን መጠየቅ፣ የተሰማውን ስሜት ተገቢ ነው ብሎ መቀበል፣ ደኅንነቱን ማስጠበቅ፣ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ የሚንከራተትበትን መንገድ ማሳጠር። አንዳንድ ነገሮች ደግሞ ሰዓት ይቆጠርባቸዋል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 120 ሰዓታት ድረስ ቢሰጥም በቶሎ ሲወሰድ የተሻለ ይሠራል። ቤተሰብ «እስቲ መጀመሪያ እንመካከርበት» ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ሲያሳልፍ የሚጠፋው ይህ ዕድል ነው።

ስለ ሕክምና ምርመራው አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ክፉ ክፍተት የሚፈጥር ጉዳይ ነውና። ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው ከሚመረመሩ ሕፃናት በአብዛኞቹ አካል ላይ ምንም ምልክት አይገኝም። ጥቃቱ ምልክት የማይተው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የልጅ አካልም ቶሎ ይድናል። «ሐኪሙ ምንም የለም አለ» የሚለው ቃል ወደ ቤት ሲደርስ ግን «ምንም አልተደረገችም» ወደሚል ይለወጣል። ከዚያ ዘመድ ሁለት ይከፈላል፤ ልጅቷም ውሸታም ትባላለች። የምርመራውን ውጤት የሚናገር ሐኪም ይህን አስቀድሞ አውቆ፣ ውጤቱን ለእናትና ለአባት ፊት ለፊት ቢያብራራ አንድን ቤት ከመፍረስ ያድናል።

አሁን ወደ 167ቱ ሰዓታት ልመለስ።

አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ ዓመታት ያለፉት ልጅ እንደገና ጀመረ እንበል። እናት አንሶላውን አየች፤ «ትልቅ ልጅ ሆነህ አታፍርም?» አለችው። ይህች እናት ክፉ አይደለችም። ያየችው ነገር ጥጋብ ወይም ስንፍና ሳይሆን የፍርሃት ምልክት መሆኑን የነገራት ሰው ስለሌለ ነው። አደጋ ያየ አካል እንደ ማንቂያ ደወል ነው፤ አደጋው ካለፈ በኋላም ደወሉ በትንሽ በትልቁ ይጮኻል። በር ሲንኳኳ፣ የአንድ ሰው የሽቶ ጠረን ሲሸት፣ አንድ ዓይነት ሳል ሲሰማ የልጁ ልብ ይመታል፣ እጁ ያልበዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሱም አያውቅም። ስለዚህ አንዱ ይቆጣል፣ ይማታል። አንዷ ትፈዛለች፤ መምህሯ ስሟን ሦስት ጊዜ ቢጠራ አትሰማም። አንዱ መታጠብ እምቢ ይላል። ሌላዋ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ትስቃለች፣ ትጫወታለች፤ ይህን ጊዜ ሰው «ረስታዋለች» ይላል፣ አንዳንዱም «እውነት ቢሆን እንዲህ ትስቅ ነበር?» ይላል። መሳቅም መርሳትን አያሳይም።

ለዚች እናት በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሊነገራት የሚችል ነገር አለ። ሌሊት ልጁ ሲጮህ መብራቱን አብሪ። ከመንካትሽ በፊት በስሙ ጥሪው፤ ያስፈራው ነገር ንክኪ ከሆነ ድንገት ማቀፍ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። «ቤት ነህ። እኔ እናትህ ነኝ። በሩ ተቆልፏል» በይው። እግሩን ወለሉ ላይ ያሳርፍ። ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸውን አምስት ነገሮች አንድ በአንድ ይጥራልሽ፤ መጋረጃ፣ ጫማ፣ ወንበር እያለ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። «ልቀፍህ?» ብለሽ ጠይቂው፤ እሺ ካለ እቀፊው። አንሶላውን ያለ ቃል ቀይሪው። ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም፣ ዲግሪም አይጠይቅም፤ ሰው መንገርን ብቻ ይጠይቃል። ካልተነገራት ግን በገዛ ቤቷ፣ በፍቅር፣ ልጇን እያስደነገጠችው ታድራለች። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤስተር ዴብሊንገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት፣ እናት በሕክምናው መካተቷ ልጁን ይጠቅማል ወይ የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ሕፃናት በአራት ምድብ ከፈሏቸው። በአንደኛው ሕክምናው ለልጁ ብቻ፣ በሁለተኛው ለእናት ብቻ፣ በሦስተኛው ለሁለቱም ተሰጠ፤ አራተኛዎቹ በአካባቢያቸው ወደሚገኘው የተለመደ አገልግሎት ተላኩ። ልጁ ራሱ ሲታከም የቅዠቱና የድንገተኛ ትዝታው ጭንቀት ይበልጥ ቀነሰ። እናት ስትካተት ደግሞ የልጁ ድባቴ ቀነሰ፣ ቁጣና አስቸጋሪ ባሕርዩም ረገበ፤ የእናትየዋም የአስተዳደግ ዘዴ ተሻሻለ። አንዱ ሌላውን አይተካም ማለት ነው። እናትን ከበሩ ውጭ ማስቀመጥ የሕክምናውን አንድ ክፍል ውጭ ማስቀመጥ ነው።

ዴብሊንገር ከጁዲት ኮኸንና ከአንቶኒ ማናሪኖ ጋር ያዳበረችው፣ በሥነ ልቦና ቁስል ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ዛሬ በዘርፉ በርካታ ጥናት ከተደረገባቸው ዘዴዎች አንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገሩ ሲወሳሰብ ይረዝማል። ጊዜው ለልጁና ለአሳዳጊው ይካፈላል። ልጁ አተነፋፈስን፣ ስሜቱን በስም መጥራትን፣ «እኔ ነኝ ጥፋተኛው» የሚለውን ሐሳብ መመርመርን ይማራል፤ ቀስ በቀስም የደረሰበትን በራሱ ፍጥነት፣ በሥዕል ወይም በጽሑፍ ይተርካል። አሳዳጊውም በሌላ ሰዓት ያንኑ ይማራል፤ ልጁ ታሪኩን ሲያነብለት ሳይደነግጥና ሳይቆጣ ለመስማት ይዘጋጃል። ከዚያ ሁለቱ አብረው ይቀመጣሉ። እናት ያን ታሪክ ሰምታ ፊቷ ሳይፈርስ «በርታ፣ ኮርቼብሃለሁ» ስትል ልጁ ምስጢሩ እናቱን እንዳልገደላት በዓይኑ ያያል። አጥፊው ከነገረው ውሸት ትልቁ ያን ጊዜ ይሰበራል።

ይህ ለሀብታም አገር ብቻ የሚሆን ቅንጦት አይደለም። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ 257 ሕፃናትና ታዳጊዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሕክምናውን የሰጡት የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌላቸው፣ ከአካባቢው ተመርጠው የሠለጠኑና ክትትል የሚደረግላቸው አማካሪዎች ነበሩ። የልጆቹ የጭንቀት ምልክት በግልጽ ቀነሰ። «ባለሙያ የለንም» የሚለው ምክንያት ከዚያ በኋላ ብዙ ክብደት አልቀረለትም፤ ሥልጠናና የማያቋርጥ ክትትል ግን ግድ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ይያያዛል። ልጁን ወዲያው አስቀምጦ «ሁሉንም አውጣው፣ ይቀልልሃል» ማለት ሕክምና አይደለም። የደረሰውን በዝርዝር የሚያስተርክ የአንድ ጊዜ ቆይታ እንደማይረዳ፣ ሊጎዳም እንደሚችል ጥናቶች ስላሳዩ የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ማየት፣ ማዳመጥና ከሚረዳ ሰው ጋር ማገናኘት ነው። ልጁ ዝም ካለ ዝምታው ይከበር፤ የሚረዳው ሰው ግን ከአጠገቡ አይራቅ።

እናትየዋ ራሷስ? ልጇን ስትሰማ መጀመሪያ የሚመጣባት «እኔ የት ነበርሁ?» የሚል ጥያቄ ነው። እሷም በልጅነቷ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት ለማንም ሳትናገር ያደገች ከሆነች ሁለት ሕመም በአንድ ቀን ይነሣባታል። አጥፊው ባሏ፣ ወንድሟ ወይም አማቷ ከሆነ ደግሞ ኀዘኑ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ኪራይ፣ የልጆቹ የትምህርት ወጪ፣ የምትጠጋበት ዘመድ ሁሉ አብሮ ይናዳል። ሽማግሌ ይመጣል፤ «ገበናሽን አታውጪ» ይላታል። ይህችን ሴት «ልጅሽን አልደገፍሽም» ብሎ ከመውቀስ በፊት የምትቆምበት መሬት አላት ወይ ብሎ መጠየቅ ፍትሕ ነው። የምትተኛበት አስተማማኝ ቦታ፣ ለጥቂት ወራት የሚሆን ገቢ፣ የሕግ ምክር፣ የሚሰማት አንድ ሰው የሥነ ልቦናው ድጋፍ አካል ናቸው። የእርዳታ ድርጅቶችና የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2007 በጋራ ያወጡት መመሪያ ድጋፉን እንደ ፒራሚድ የሣለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሥር መሠረታዊ ፍላጎትና ደኅንነት፣ በላዩ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ፣ ከዚያ በተለይ ለሚያስፈልጋቸው የሚሰጥ እርዳታ፣ ከጫፉ የልዩ ባለሙያ ሕክምና። ብዙዎቻችን ጫፉን ሠርተን ሥሩን እንረሳለን።

አባትም አለ። ቁጣው ሁሉንም ይሸፍናል፤ «እገድለዋለሁ» ይላል፤ ልጁም ይህን ሰምቶ አባቱ ሊታሰርበት እንደሆነ ያስባል፣ በመናገሩም ይጸጸታል። ወንድም እኅቶችም አሉ፤ ቤቱ ለምን እንደተለወጠ የሚነግራቸው የለም።

ወንድ ልጅ ላይ የሚደርሰው ጥቃት ከሁሉ ይበልጥ ይደበቃል። «ወንድ ልጅ አይደፈርም» የሚለው አመለካከት የልጁን አፍ ከአጥፊው በላይ ይዘጋል። አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ከሌሎች ይበልጥ ለጥቃት የተጋለጡ ሆነው ሳለ የምልክት ቋንቋ የሚችል አማካሪ ያለበት አገልግሎት ግን ጥቂት ነው።

ሌላው በእጅጉ የሚያሳስበኝ ልጅን የማራቅ ልማድ ነው። ችግሩ በተሰማ ማግስት ልጅቷ ሩቅ ወዳሉ ዘመዶች ትላካለች፤ ትምህርት ቤቷን ትለቃለች፣ ጓደኞቿን ታጣለች፤ አጥፊው ግን እዚያው ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። አዋቂዎቹ ለደኅንነቷ ነው ይላሉ፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ልጅቷ ግን የምትቆጥረው ሌላ ነው፤ የተናገርሁት እኔ፣ የተባረርሁትም እኔ። ከቤት የሚወጣ ሰው ካለ መውጣት ያለበት ያጠፋው ነው። የማይቻል ከሆነ ደግሞ ልጅቷ ለምን እንደምትሄድ፣ ለስንት ጊዜ፣ ማን እንደሚጠይቃት ሊነገራትና አስተያየቷም ሊሰማ ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ የመሰማት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 39 ደግሞ ጥቃት የደረሰበት ልጅ አካሉና ሥነ ልቦናው እንዲያገግም፣ ክብሩ በሚጠበቅበት ሁኔታም ወደ ማኅበራዊ ሕይወቱ እንዲመለስ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። ድጋፉ ችሮታ ሳይሆን መብት መሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የተጻፈ ነገር ነው።

ታሪኩን ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ እንደገና ለፍርድ ቤት እየደጋገሙ መናገርም ሌላ ጉዳት ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በሀንትስቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው የሕፃናት ማዕከል፣ ከዚያም በአይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተውና በብዙ የአውሮፓ አገሮች የተስፋፋው ባርናሁስ የተባለው «የልጆች ቤት» መፍትሔያቸው ቀላል ነው፦ ልጁ ቢሮዎቹን ከሚዞር ቢሮዎቹ ወደ ልጁ ይምጡ። በባርናሁስ አንድ የሠለጠነ ሰው የልጅ ክፍል በሚመስል ቤት ውስጥ ልጁን ያነጋግረዋል፤ ሌሎቹ ከሌላ ክፍል ሆነው ይከታተላሉ፤ ንግግሩም ይቀረጻል። ምርመራውና የሥነ ልቦና ድጋፉም እዚያው ነው።

የልጅነት መከራ ዕድሜ ልክ ሊከተል እንደሚችል አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ9,500 በላይ አዋቂዎች የሰጡትን መልስ መሠረት አድርገው ካሳተሙት ጥናት ወዲህ በሰፊው ይታወቃል። ይህ እውቀት ግን በቤተሰብ አፍ ሲገባ «ሕይወቷ ተበላሸ» ወደሚል ፍርድ ይለወጣል። ጥናቱ የሚያሳየው የብዙ ሰዎችን ዝንባሌ እንጂ የአንዲትን ልጅ ዕጣ አይደለም። ብዙ ልጆች ያገግማሉ፤ በተለይ የሚያምናቸው አንድ የጸና አዋቂ ካላቸው። ልጅቷ በሰማችበት «የእሷ ነገር አበቃለት» ማለት በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

ማገገም ደግሞ በቀጥታ መስመር አይሄድም። በዘጠኝ ዓመቷ ሕክምናዋን ጨርሳ ደኅና የነበረች ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሰውነቷ ሲለወጥ፣ ስለ ፍቅር ማሰብ ስትጀምር፣ የደረሰባትን በሌላ አእምሮ ትረዳዋለች፤ በዘጠኝ ዓመቷ ያልነበራትን ጥያቄ ይዛም ትመጣለች። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲደርስ፣ አጥፊው ከእስር ሲወጣ፣ እሷም አንድ ቀን ልጅ ስትወልድ ጥያቄው ሊነሣ ይችላል። አገልግሎቱ ግን በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ፋይሉን ይዘጋል። ለእናትየዋ ከመሰነባበት በፊት በግልጽ ሊነገራት የሚገባው ይህ ነው፤ ምልክቱ ቢመለስ ሕክምናው ከሸፈ ማለት እንዳልሆነ፣ መመለስ እንደምትችል፣ ማንን እንደምትጠይቅ፣ ስልክ ቁጥሩም በወረቀት ተጽፎ እጇ ላይ እንደሚቀመጥ። በዚያን ዕለት ባለሙያዋ ልጅቷን ሥዕሏን ይዛ ስትወጣ ከሸኘች በኋላ በሩን ሳትዘጋ «እርስዎም ይግቡ፤ ትንሽ እንነጋገር» ትበላት።